አያት ሆነሽ ተጫወቺ አሉኝ፤ የጣልያን አነጋገር ከየት ላምጣ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 58 ዓመቴ ነው። አምና ልጄ ገፋፍታኝ የሰፈራችን አማተር ቲያትር ቡድን ውስጥ ገባሁ። እስካሁን ወንበር ስደረድርና ትኬት ስቀበል ነበር። ዘንድሮ ግን የጆ ዲፒየትሮን «ኦቨር ዘ ሪቨር ኤንድ ስሩ ዘ ዉድስ» የተባለ ኮሜዲ ልንሠራ ነውና አንቺ አይዳን፣ ጣልያን-አሜሪካዊቷን አያት ትሆኛለሽ ተባልኩ። አብሮኝ የሚጫወት ሰው «የጣልያን አነጋገር ካላመጣሽ ማንም አይስቅም» ብሎ አስጨነቀኝ። እጄን እያወናጨፍኩ «ማማ ሚያ» ልበል እንዴ? ደግሞስ ያ ቲያትሩ ውስጥ «ቴንጎ ፋሚሊያ» የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ «ማማ ሚያ» ጽሑፉ ላይ ከሌለ አይበሉ። ቡድናችሁ ቲያትሩን የሚያሳየው ፈቃድ ከፍሎ ነው። ፈቃዱ ደግሞ ያለ ደራሲው ስምምነት ቃል መጨመርም መቀነስም አይፈቅድም። ይህንን ለዚያ ሰውዬ ይንገሩልኝ።

ቲያትሩን አውቀዋለሁ፣ በተዋናይነት ግን አይደለም። ኒው ጀርሲ ስኖር አንድ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ሲሠራው እኔ የምግቡ ኃላፊ ነበርኩ። አዎ፣ የምግቡ። አይዳ ስታቀርብ ነው የምታመሸው። ስለዚህ ከመድረኩ ጀርባ በአንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ፓስታ ስቀቅል ከረምኩ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኒክ 29 ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ ኒው ዮርክ ይሠራል። ወላጆቹ ፍሎሪዳ ገብተዋል። አራቱ አያቶቹ ግን፣ የእናቱም የአባቱም ወገን፣ በሕይወት አሉ፤ ሁሉም ከሃድሰን ወንዝ ማዶ፣ ኒው ጀርሲ ሆቦከን ነው ያሉት። እሁድ እሁድ አብሯቸው ይበላል። አንድ ቀን ሲያትል የሥራ ዕድገት እንዳገኘ ሊነግራቸው ይመጣል። ሲያትል ማለት አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ መሄድ ነው። አያቶቹ ምን ያደርጋሉ? ኬትሊን የምትባል ያላገባች ነርስ ማዕድ ላይ ጠርተው ያስቀምጡለታል። ከአያቶቹ አንዱ የሚደብቀው ነገርም አለ፤ እሱን ላላበላሽባችሁ።

አሁን ወደ አነጋገሩ። የኛም ቡድን የመጀመሪያውን ሳምንት በዚሁ ነው ያባከነው። አንዱ እንደ ማፍያ አለቃ፣ ሌላዋ እንደ ፒዛ ማስታወቂያ ያወራሉ። አያትና አያት ከአንድ ቤት የመጡ አይመስሉም ነበር። አዘጋጇ ሰምታ ሰምታ፣ «ሁላችሁም በራሳችሁ ድምፅ» አለችና ተገላገልን።

እርስዎ ደግሞ ከማንም የበለጠ ስንቅ አለዎት። እናትዎ እንግዳ «ጠገብኩ» ሲላቸው ምን ይሉ ነበር? «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» አይደል? ሲሉትስ እየቀለዱ ነበር? በፍጹም። እንግዳው እምቢ ካለ ፊታቸው ጥቁር ይላል፣ ሞሰቡ ዳር ቁጭ ብለው ዝም ይላሉ። አይዳ ማለት ይቺ ናት። ቃሉን በእንግሊዝኛ እንደተጻፈው ይናገሩት፣ ከጀርባው ግን «በሞቴ» ይኑር። ሰው የሚስቀው አይዳ ቀልድ ስላወራች አይደለም። ልጁ ካልበላ የሚሞት ስለሚመስላት ነው። እየሳቁ የሚጫወቷትን አይዳ አይቻለሁ፤ አዳራሹ ጭር ይላል።

«ቴንጎ ፋሚሊያ» ቃል በቃል «ቤተሰብ አለኝ» ነው። በመደበኛው ጣልያንኛ «ኦ ፋሚሊያ» ነበር የሚባለው። ለ«አለኝ» «ቴንጎ» የሚለው ደቡቡ ነው፣ የኔፕልስና የአካባቢው ሰው። ከ1880 እስከ 1920 (እንደ ፈረንጆቹ) ከ4 ሚሊዮን በላይ ጣልያኖች አሜሪካ ሲገቡ አብዛኞቹ ከደቡብ ነበሩ፤ አባባሉም አብሯቸው ተሳፈረ። ደስ የሚለኝ ግን ሌላ ነው። ጣልያን አገር ይህ አባባል መሸሻም ነው። ሰውየው ለምን አጎነበስክ፣ ለምን ዝም አልክ ሲባል «ምን ላድርግ፣ ቤተሰብ አለኝ» ይላል። ሊዮ ሎንጋኔዚ የሚባል ጸሐፊማ «ባንዲራችን ላይ ይጻፍ» ብሎ ቀልዶባቸዋል። በቲያትሩ ባልዎ የሆነው ፍራንክ አፍ ላይ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። በልጅነቱ ከጣልያን መጥቶ በእጁ ሥራ ልጆች ያሳደገ ሰው ነውና ማዕረጉ አድርጎ ነው የሚናገረው። ኒክ ደግሞ ያንኑ ቃል እንደ ገመድ ይሰማዋል። ፍራንክ ሲናገረው እርስዎ ሳህን አያንሱ፣ ዞር ብለው ይዩት።

ስለ መብላቱ ከኔ ጥፋት ይማሩ። የመድረኩን ልብስ ለብሰን በተለማመድንበት ቀን ረጅሙን ስፓጌቲ ቀቅዬ አቀረብኩ። ኒክ «ሲያትል» የሚለውን ቃለ ተውኔት ሲናገር አንዷ ክር አገጩ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ሰዉ በክሯ ሳቀ፣ ዜናውን ማንም አልሰማም። ከዚያ በኋላ አጭሩን ፔኔ አደረግነው፣ ሶሱን ቀነስን፣ የወይን ጠጁንም በወይን ጭማቂ ቀየርን። እናንተም ከአሁኑ በእውነተኛ ምግብ ተለማመዱ፤ በባዶ ሳህን የተለማመደ ተዋናይ በመክፈቻው ቀን ይታነቃል። ለሌሎቹ ትንሽ ትንሽ ነው የሚቀርበው። ኒክ ሳህን ላይ ግን እስኪሞላ ይከምሩ።

ሰው ሲስቅ አይቸኩሉ። ሳቁ ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ነው የሚቀጥሉት። መጠበቁ ያስፈራል፣ አውቃለሁ። እስከዚያ እጅዎ ሥራ ይፈልግ፤ ዳቦ ይቁረጡ።

መጋረጃው ሊከፈት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነጭ ሽንኩርት በዘይት ጠበስ የሚያደርግ ሰውም ይፈልጉ። የኛ ሽታ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ይደርስ ነበር። ሽርጡ ደግሞ አዲስ ከሆነ ወደ ቤት ይውሰዱትና ሁለት ሳምንት ወጥ ይሥሩበት።