የጓሮ ራምፕና ሬል፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ቱሉ ዲምቱ ጓሮዬ ውስጥ ስኬት ቦርድ መንጃ ራምፕ ከሠራሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። በየተራ ልመልስ።

«ጀማሪ ነኝ። ራምፑ ምን ያህል ከፍ ይበል?»
30 ሳንቲ ሜትር ይበቃሃል። ርዝመቱን 120 አድርገው።

«ጎበጥ ያለውን ራምፕስ እንዴት ነው የምትቆርጠው?»
ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ኮምፔንሳቶውን መሬት ላይ አንጥፍ። ከሱ ውጪ ሚስማር ምታና የማይለጠጥ ሲባጎ እሰርበት። ሲባጎው 180 ሳንቲ ሜትር ላይ እርሳስ አስረህ እያዞርክ አስምር። ቁመቱ 90 ከሆነ መሬት ላይ 156 ገደማ ይይዛል። እንዲህ ሁለት እኩል ጎኖች ቁረጥና በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በሞራሌ አያይዛቸው። ላዩን በአንድ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ለመሸፈን አትታገል፤ ይሰነጠቃል። ሁለት ቀጫጭን ደርብ። አደራ፣ በሚስማር አትምታው! ሚስማር በንዝረት ብቅ ይላል፣ ያኔ ጎማ ይይዛል። ቪቴ ተጠቀም። ከታች መሬቱን የሚነካው ጠርዝ ላይ ደግሞ ላሜራ አልብሰው፤ ያለሱ ጎማው ጠርዙን እየመታ ይጥልሃል።

«ሬሉን ለበያጅ ምን ብዬ ላሠራው?»
ሬል ማለት ቦርዱን ይዘህ የምትንሸራተትበት ብረት ነው። ባለ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ፣ 2 ሜትር፣ ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ በለው። እግሮቹ ሥር 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ አግዳሚ ይበየድ። ሬል ከተነቃነቀ አትውጣበት። ብየዳው ላይ የቀረ እብጠት ካለ በደንብ ይሞረድ፤ ጫፎቹም ይደፈኑ። አልንሸራተት ካለህ ሻማ ቀባው፣ ግን ትንሽ ትንሽ።

«ሰፈራችን ኮብልስቶን ነው። ምን ይሻላል?»
ኮብልስቶን ላይ ጎማው ይነጥራል እንጂ አይሄድም። ግቢ ውስጥ ሊሾ ካለ እሱ ወርቅ ነው። ከሌለ ከራምፑ በፊት ለሊሾው ገንዘብ አጠራቅሙ። እኔ መጀመሪያ ራምፑን ሠርቼ ወራት ሙሉ ቆሞ ነበር፤ መንደርደሪያ አልነበረኝማ።

«ክረምቱስ?»
ከሰኔ እስከ መስከረም ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፣ በሸራ ሸፍኑት። ኮምፔንሳቶ ውሃ ከጠጣ አለቀለት።

«ልጄ 9 ዓመቱ ነው። እፈራለሁ።»
እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ሄልሜት፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ ሳያደርግ አይውጣ። ብቻውንም አይንዳ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ መቆምና መዞር ይልመድ። አዲስ አበባ ውስጥ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተ ስኬት ፓርክ አለ፤ አንድ ቅዳሜ ወስደሽ የሚችሉት ልጆች እንዴት እንደሚወድቁ አሳዪው። እጃቸውን አይዘረጉም፤ ሰብሰብ ብለው ነው የሚንከባለሉት።