ከመዛቂያው እስከ ምድጃው

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በጅማ ዩኒቨርሲቲ በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ሞተርና ሰርኪዩት ለምትማሩ፣ በእርሻ ኮሌጁም አፈር ለምታጠኑ ነው። ስለ ማርስ ስታወሩ የምትወዱት ሮኬቱን፣ ፓራሹቱንና የማረፊያዋን ደቂቃ ነው። አልፈርድባችሁም። የምለምናችሁ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን እንድታጠኑ ነው፦ አፈሩ ከመሬት ተነሥቶ መመርመሪያው ውስጥ እስኪገባ ያለውን፣ ከሁለት ሜትር ብዙም የማይበልጥ መንገድ። መንኮራኩር ያን ሁሉ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዛ በሰላም ካረፈች በኋላም ሥራዋ እዚህ ላይ ሊቀር ይችላል።

ምሳሌ የምትሆነን ፎኒክስ ናት። ይህች የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2007 ተወንጭፋ ሜይ 25 ቀን 2008 በማርስ ሰሜናዊ ሜዳ፣ 68 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ አረፈች። የተልዕኮው ዋና ተመራማሪ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው ፒተር ስሚዝ ነበሩ። ጎማ አልነበራትም፤ በሦስት እግሯ ቆማ ክንዷ የደረሰበትን ብቻ ትቆፍራለች። ከምሕዋር የተገኘው ልኬት ከአፈሩ ሥር በረዶ እንዳለ ጠቁሞ ስለነበር፣ የእሷ ድርሻ ነክታና አሙቃ ማረጋገጥ ነበር።

ክንዷ 2.35 ሜትር ርዝመትና አራት መገጣጠሚያ ነበረው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ አስሉት፦ ትከሻው ላይ 0.1 ዲግሪ ስሕተት ቢኖር ጫፉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 2 ሚሊ ሜትር ልትፍቁ አስባችሁ 6 ትሰምጣላችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ ባረፈችበት ቀን የሬዲዮ ምልክት ከማርስ ወደ ምድር ለመድረስ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበት ነበር። ስለዚህ ክንዱን በጆይስቲክ መንዳት የሚባል ነገር የለም፤ የቀኑ ትእዛዝ ቀድሞ ተጽፎና ተፈትሾ ይላካል፣ ውጤቱ ኋላ ይታያል። ትእዛዝ ስትጽፉ እንቅስቃሴውን ብቻ ሳይሆን መቆሚያውንም ጻፉ፦ የሞተሩ ከረንት ከዚህ ካለፈ ቁም፤ በዚህን ያህል ሰከንድ ካልደረስክ ተመለስ፤ ከመመለስህ በፊት ፎቶ አንሣ። መቆሚያ የሌለው ትእዛዝ ማርስ ድረስ ሳይሄድ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ጊር ይበላል።

አሁን ወደ አፈሩ። ፎኒክስ ስምንት ትንንሽ ምድጃዎች ነበሯት። እያንዳንዳቸው የእስክሪብቶ ቀለም ቱቦ ያህል ቀጭን ናቸው፣ ለአንድ ናሙና ብቻ ያገለግላሉ፣ እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃሉ። ጓል እንዳይደፍናቸው ከላያቸው 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት ተደርጎ ነበር። ጁን 6 የመጀመሪያው አፈር ወንፊቱ ላይ ተደፋ። ፎቶው ላይ ክምሩ በደንብ ይታያል፤ ከወንፊቱ በታች ያለው የብርሃን ሴንሰር ግን ከጥቂት ቅንጣት በቀር ሲያልፍ አላየም። አፈሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ነበር። ወንፊቱ በየቀኑ ሲነዘር ሰነበተና ጁን 11 ምድጃው ሞላ። ንዝረቱ ግን ዋጋ አስከፈለ፤ በዚያው መሣሪያ ላይ ለተገኘው የኤሌክትሪክ ሾርት መንስኤው ይኸው ንዝረት ሳይሆን አይቀርም ተባለ፣ ቀጣዩም ናሙና የመጨረሻ ሊሆን ይችላል ተብሎ እንዲታቀድ ተደረገ። አፈሩን በአንድ ጊዜ ከመገልበጥ ይልቅ በክንዱ ጫፍ ያለውን መዛቂያ ዘንበል አድርጎ፣ ከጀርባው ያለችውን የበረዶ መፋቂያ ሞተር አስነሥቶ፣ ጥቂት በጥቂት መነስነስ የተሻለ መንገድ ሆኖ ተገኘ።

የበረዶው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ሲወርዱ መዛቂያው ጠንካራ ድርብርብ መታ፤ ስለቱ ሊገባበት አልቻለም። ለዚህ ታስቦ ከመዛቂያው ጀርባ በሞተር የምትሽከረከር መፋቂያ ተገጥማለች። በረዶውን ትፍቅና ፍቅፋቂውን በኋላ ባለው ክፍተት ወደ መዛቂያው ትወረውራለች። ፍቅፋቂው መግባቱ ተረጋገጠ፤ መውጣቱ ነው ያስቸገረው። በጁላይ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ መዛቂያው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ።

የኛ የጅማ ቀይ አፈርም በክረምት አካፋ ላይ እንዲሁ ይጣበቃል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ስለሆነ አታምታቱት። የኛው የሚጣበቀው በሸክላው ቅንጣትና በብረቱ መካከል ፈሳሽ ውሃ ስላለ ነው። ፎኒክስ ባለችበት ግን አየሩ በበጋም ከዜሮ በታች ከ30 እስከ 80 ዲግሪ ነው፤ የአየሩም ግፊት ከምድር የባሕር ጠለል ግፊት 1 በመቶ አይሞላም። ግፊት ሲቀንስ ውሃ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማርስ ላይ የተጋለጠ በረዶ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ይተናል። በመጀመሪያው ቦይ ውስጥ ጁን 15 የታዩት ነጫጭ ቁርጥራጮች በአራት ቀን ውስጥ ጠፍተዋል፤ ጨው ቢሆኑ ኖሮ እዚያው በቀሩ ነበር። ትነቱ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ውጭ አይሄድም። ከአንዱ ቅንጣት ተነሥቶ በሌላው ላይ ሲያርፍ የሚነካኩበትን ቦታ ሊያጣብቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከተፋቀበት እስከሚደፋበት ያለው ደቂቃ፣ የፀሐዩ አቅጣጫ፣ የብረቱ ሙቀት ሁሉ ይቆጠራል።

ጁላይ 30 ወደ ምድጃው የገባው ናሙና አብዛኛው ክፍሉ ለሁለት ቀን ለአየር ተጋልጦ የቆየ ነበር። ከውሃው ጥቂቱ ስለተነነ ላላ፣ ከመዛቂያውም ወረደ። ሲሞቅ 0 ዲግሪ ላይ የመቅለጥ ምልክት አሳየ፤ የውሃ ትነትም ተለካ። የተጋለጠውን ናሙና ለመቀበል የተደረገውን ውሳኔ በጣም አከብረዋለሁ፣ ግን ለምን ትክክል እንደሆነ አስተውሉ። ጥያቄው «ውሃ አለ ወይስ የለም?» ስለነበር ከውሃው የተወሰነው መቅረቱ አልጎዳም። ጥያቄው «ስንት በመቶ ውሃ አለ?» ቢሆን ኖሮ ያው ናሙና ዋጋ አይኖረውም ነበር። ከመቆፈራችሁ በፊት የምትመልሱትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ የትኛውን ናሙና መቀበል እንደምትችሉ የሚወስነው እሱ ነው።

ለኬሚስትሪ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ፎኒክስ አራት የውሃ ኬሚስትሪ ጽዋዎችም ነበሯት፤ ከምድር በተወሰደ 25 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ይጨመርና በኤሌክትሮዶች ይለካል። ለናይትሬት የተሰናዳው ኤሌክትሮድ ያልተጠበቀ ትልቅ ምልክት ሰጠ። ናይትሬት ነው ቢባል መጠኑ ከተጨመረው አፈር ክብደት ሊበልጥ ነው፤ ያ ደግሞ አይሆንም። ኤሌክትሮዱ እጅግ አብልጦ የሚሰማው ፐርክሎሬትን (ክሎሪንና ኦክስጅን ያለበትን ውህድ) ነውና መልሱ እሱ ሆነ፣ ከአፈሩ ክብደት 0.5 በመቶ አካባቢ። የጠጣር ነዳጅ ሮኬቶች ፐርክሎሬት ስላላቸው «ከምድር የመጣ ብክለት ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ የግድ ነው። አፈሩ ከመግባቱ በፊት ፈሳሹ ብቻውን ተለክቶ ስለነበር ጥያቄው መልስ አገኘ። ብላንክ፣ ማለትም ናሙና ያልገባበትን ፈሳሽ፣ ሳትለኩ ናሙና አትለኩ፤ በዚህ ላይ ልመናም ምክንያትም አልቀበልም።

ለመጀመር የናሳ በጀት አያስፈልጋችሁም። አንድ ከአፈር፣ አንድ ከሜካኒካል፣ አንድ ኮድ የሚጽፍ፣ ሦስት ሆናችሁ ተነሡ። ቀይ አፈር አድርቁ፣ ቀጥቅጡ፣ በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉ። በአንድ ቆርቆሮ ለ100 ግራም ደረቅ አፈር 30 ግራም ውሃ፣ በሌላው ለ100 ግራም አሸዋ 20 ግራም ውሃ ለውሱና ፍሪዘር ውስጥ በ-18 ዲግሪ አሳድሩ። ቀይ አፈሩና አሸዋው ፍጹም የተለያየ ጠባይ ያሳያሉ፣ አንዱን ብቻ ሞክራችሁ አትደምድሙ። በመሰርሰሪያ ወይም በሞረድ ፍቁ። መዛቂያውን ከቆርቆሮ ሠርታችሁ አንዱን ከአፈሩ ጋር ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፣ ሌላውን ውጭ ተዉት። ሞቃቱ ብረት የነካውን በረዶ ያቀልጥና ያው ውሃ ተመልሶ ሲቀዘቅዝ ፍቅፋቂውን ያጣብቀዋል፤ ልዩነቱን በሚዛን ታዩታላችሁ። ይህ ሙከራ የማርስን ትነት አያሳያችሁም፤ ለዚያ ቫክዩም ክፍል ያስፈልጋል። የመፋቅን፣ የመጣበቅንና የማራገፍን ጠባይ ግን ያስተምራችኋል።

ባዶውን መዛቂያ በ0.1 ግራም ሚዛን መዝኑ፣ ሲሞላ መዝኑ፣ ከደፋችሁ በኋላ መዝኑ። ከተፋቀ በ30 ሰከንድ፣ በ2 ደቂቃና በ5 ደቂቃ ወንፊቱ ላይ እየደፋችሁ አወዳድሩ፤ ቀጥሎ ዘንጉ ላይ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ክብደት ያለው፣ ሲዞር የሚነዝር ትንሽ ሞተር መዛቂያው ላይ አስራችሁ በ30፣ በ45ና በ60 ዲግሪ ዘንበል አድርጋችሁ ድገሙት። ከወንፊቱ ያለፈውን ወስዳችሁ በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት በማድረቅ ለ100 ግራም ደረቅ አፈር ስንት ግራም ውሃ እንደቀረ አስሉ፤ ከለወሳችሁበት (ለቀይ አፈሩ 30፣ ለአሸዋው 20 ግራም) ጋር ሲነጻጸር በመንገድ የጠፋውን ይነግራችኋል። በየዙሩ የክፍሉን ሙቀት፣ ሰዓቱንና የመዛቂያውን ቁጥር መዝግቡ። ከተዛቀው ከአሥር አንድ እጅ በላይ መዛቂያው ላይ የሚቀር ከሆነ ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት ቆርቆሮውን እዩ፦ የውስጥ ማዕዘኖቹን አክብቡ፣ የብየዳውን ጉብታ ሞርዱ፣ አፉን ከታችኛው ሰፋ አድርጉና እንደገና መዝኑ።