«ቮየጀር 1 ነዳጇ ሲያልቅ የት ትቆማለች?» ላልከው

ወንድሜ፣ ይህች የአሜሪካው ናሳ መንኮራኩር የትም አትቆምም። ይህ ነገር በየጊዜው እየተደገመ ስለሚጻፍ አንተ ላይ አልፈርድም።

1ኛ፦ የእሷን ነዳጅ እንደ መኪና ቤንዚን አትቁጠረው። እ.ኤ.አ. በ1977 ተወንጭፋ፣ ጁፒተርና ሳተርን ፍጥነት ጨምረውላት፣ አሁን በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። እዚያ ባዶ ቦታ የሚያቆማት ነገር የለም። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ውስጥ ያለው ሃይድራዚን የተባለ ነዳጅ አሁን ሥራው አንድ ነው፤ በትንንሽ ሞተሮች እየገፋ 3.7 ሜትር ስፋት ያለውን አንቴና ወደ ምድር አቅንቶ መያዝ።

2ኛ፦ ስለዚህ የሚያሳስበው ዝምታዋ ነው። በጁላይ 2023 ለእህቷ ለቮየጀር 2 የተሳሳተ ትእዛዝ ተላከና አንቴናዋ 2 ዲግሪ ዞር አለ። ክንድህን ዘርግተህ አውራ ጣትህን እየው፣ 2 ዲግሪ ማለት የእሱ ስፋት ነው። በዚህች ብቻ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ካንቤራ ያለው ትልቁ አንቴና ባለ በሌለ ኃይሉ ትእዛዝ ላከላት፤ መስማቷ የታወቀው ከ37 ሰዓት በኋላ ነበር።

3ኛ ልል ነበር፣ ግን ያው የ2ኛው ጣጣ ነው። ነዳጁ እያለም ወደ ትንንሾቹ ሞተሮች የሚሄድበት መንገድ ይዘጋል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ከጎማ የተሠራ ክፍል ሲያረጅ የሚወጣው ሲሊካ የተባለ ቅንጣት የቮየጀር 1ን ቀጭን የነዳጅ ቱቦ ከ0.25 ወደ 0.035 ሚሊ ሜትር አጠበበው። በ2024 ወደ ሌሎቹ ትንንሽ ሞተሮች መዞር ግድ ሆነ። እነሱ ደግሞ ቀዝቅዘው ስለከረሙ ሳይሞቁ ከተነሱ ይጎዳሉ። ለማሞቂያ የሚሆን ትርፍ ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ ሌላ ማሞቂያ ለአንድ ሰዓት ያህል ተዘግቶ ነው ጉድለቱ የተሞላው። ሲነሱ 470 ዋት የነበረው ኃይል በየዓመቱ 4 ዋት ገደማ ይቀንሳል። ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው ከፕሉቶኒየም-238 ሙቀት ነው፤ ግን የእሱ ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚያልቅበት ጊዜ) 87.7 ዓመት ነው ብለህ ብቻ እንዳታሰላ፤ ሙቀቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ክፍሎችም አብረው ያረጃሉ።

«ከፀሐይ ሥርዓት ወጣች» የሚሉህንም ተጠንቀቅ። በ2012 ያለፈችው የፀሐይ ነፋስ የሚደርስበትን ድንበር ነው። የፀሐይን ሥርዓት ከሩቅ የከበበው የበረዷማ አካላት ክምችት፣ ኦርት ደመና፣ ለመድረስ ገና 300 ዓመት ያህል ይቀራታል። ከ40,000 ዓመት ገደማ በኋላ ግሊዝ 445 የተባለው ኮከብ አጠገብ ታልፋለች ይባላል፤ «አጠገብ» የተባለው 1.6 የብርሃን ዓመት ነው!

ያኔ ድምፅ የላትም። የተሸከመችው በወርቅ የተለበጠ፣ ድምፅ የተቀረጸበት የመዳብ ሸክላ ግን አለ፤ ሽፋኑ ላይ በጊዜ ብዛት ቀስ እያለ የሚቀንስ ዩራኒየም-238 ተቀብቷል፣ ያገኘው አካል የቀረውን ለክቶ የተላከበትን ዘመን እንዲያሰላ። ውስጡ በ55 ቋንቋ ሰላምታ አለ። ሉጋንዳ አለ፣ አማርኛ የለም።