ባይፓስ ከተሰራልኝ አራት ወር ሆነኝ፣ ኪሎዬ ግን ቆመ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል ይቅርታ፣ የማወራው ሰው ስላጣሁ ነው። ዕድሜዬ 34፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው፣ ጋስትሪክ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገጣጥመው የክብደት መቀነሻ ሰርጀሪ) የተሰራልኝ ከአራት ወር በፊት ነው። ያኔ 112 ኪሎ ነበርኩ አሁን 93 ነኝ፣ 19 ኪሎ ቀንሻለሁ ማለት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ቶሎ ቶሎ ይወርድ ነበር፣ አሁን ግን ሶስት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም እንደውም አንዳንድ ቀን ጠዋት 93 ከግማሽ ይለኛል። ከኔ ጋር በአንድ ሳምንት የተሰራላት ልጅ አለች፣ እሷ 150 ኪሎ ነበረች፣ 27 ኪሎ ቀንሳለች። ቤት ደግሞ «ታዲያ ያ ሁሉ ስቃይ ለምን ነበር» ይሉኛል። ተናድጄ ምሳ መብላት ተውኩ፣ ቀኑን በጁስ እውላለሁ ማታ ትንሽ ነገር እቀምሳለሁ። ጸጉሬም መርገፍ ጀምሯል። በቀን ሶስት አራቴ እመዘናለሁ። ቀጠሮዬ ደርሷል ግን በዚህ ኪሎ ዶክተሩ ፊት መቅረብ አፈርኩ። ሰርጀሪው አልሰራልኝም ማለት ነው?
ተስፋ የቆረጥኩት

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ከሁሉም በፊት ግን ቀጠሮሽ ላይ ሂጂ፣ ሌላውን ሳታነቢ ብትተይው እንኳን ይቺን ያዢልኝ። ቀጠሮው እኮ ኪሎሽ ወረደ አልወረደ ብለው ሊፈርዱብሽ አይደለም፣ ደምሽን፣ ቫይታሚንሽን፣ አበላልሽን፣ የምትወስጂውን መድሃኒት ሊያዩልሽ ነው፣ እና ኪሎው ቀስ ያለበት ሰው ነው ከማንም በላይ እዛ መገኘት ያለበት። አፍረው ክትትል ያቋረጡ ሰዎች አሉ፣ እኔን ከምንም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም በጊዜ ቢታይ በአንድ የደም ምርመራ ወይ በአንድ የአበላል ማስተካከያ የሚፈታውን ነገር ወራት ሙሉ ብቻቸውን ተሸክመውት ይዞራሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፣ ምክንያቱም ቁጥሩን አንቺ ባየሽበት መንገድ ካየነው እውነትም ያስከፋል። አንቺ ከ112 ኪሎ 19 ቀነስሽ፣ ጓደኛሽ ከ150 ኪሎ 27 ቀነሰች። በፐርሰንት አስልተሽ እዪው፣ የአንቺ ከመነሻ ክብደትሽ 17 በመቶ ነው፣ የእሷ 18 በመቶ ነው። በቃ ልዩነቱ ይሄው ነው! ከባድ ክብደት ይዞ የተነሳ ሰው በኪሎ ሲቆጠር አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የቀነሰ ይመስላል፣ ሰውነቱ ቁጭ ብሎ ራሱ የሚያቃጥለው ካሎሪ ብዙ ስለሆነ። ሐኪሞችም ለዚህ ነው ኪሎን ከኪሎ የማያወዳድሩት፣ ወይ ከመነሻው ስንት በመቶ ወረደ ይላሉ ወይ ከትርፉ ስንት በመቶ ወረደ ይላሉ። በሁለተኛውም እንየው፣ በአንቺ ቁመት የተለመደው የጤናማ ክብደት ጣሪያ 66 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ስትነሺ ትርፉ 46 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ከዛ ውስጥ 19ኙ ሄዷል ማለት ከ40 በመቶ በላይ ነው፣ ገና በአራት ወር። ይሄ አልሰራም የሚባል ነገር አይደለም።

ከባይፓስ በኋላ በአብዛኛው ሰው ላይ የሚጠበቀው ከመነሻ ክብደት ከ25 እስከ 35 በመቶ መቀነስ ነው፣ እሱም ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ። ለአንቺ ሲሰላ ከ73 እስከ 84 ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። ይሄን የምነግርሽ አንድም እንድትረጋጊ ነው፣ አንድም ደግሞ 55 ኪሎ እገባለሁ ብለሽ አስበሽ ከሆነ ከወዲሁ እንድታውቂው ነው፣ ብዙ ሰው የሚሰበረው ውጤቱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ቀድሞ በጭንቅላቱ የያዘው ቁጥር ሰርጀሪው የማይሰጠው ቁጥር ስለሆነ ነው።

መቆሙስ? መቆሙ ያለ ነገር ነው፣ ሶስተኛው ሳምንት አካባቢ ብዙዎች አንዴ ይቆምባቸዋል፣ ከዛ በኋላም በየወራቱ ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ያ ሁሉ ኪሎ ቶሎ የወረደው ሁሉም ስብ ሆኖ አይደለም፣ ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል ስኳር አጠራቅሞ ይይዛል፣ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ ሶስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ምግብ በድንገት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሟጠጠው እሱ ነው እና ውሃው አብሮ ይሄዳል። በኋላ ሰውነት ሲረጋጋ ከውሃው የተወሰነው ይመለሳል፣ ስብ እየቀለጠ እያለ ሚዛኑ ባለበት ይቆማል። ሌላው ደግሞ ሰውነትሽ አሁን 112 ኪሎ አይሸከምም፣ ስለዚህ ድሮ የሚያቃጥለውን ያህል አያቃጥልም። የወር አበባ ሊመጣ ሲል የሚያዝ ውሃ አለ፣ የሆድ ድርቀት አለ (ከባይፓስ በኋላ የሆድ ድርቀት በጣም የተለመደ ነው፣ ሰው አያወራውም እንጂ)። በቀን ሶስት አራቴ ስትመዘኚ ስብ ሳይሆን እነዚህን ነው የምትመዝኚው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከገባሽ በኋላ፣ ምንም ሳትበዪ ተመዘኚና በቀረው ቀን ሚዛኑን ከዓይንሽ አርቂው። ሜትር ግዢና ወገብሽን፣ ዳሌሽን፣ ክንድሽን በወር አንዴ ለኪ፣ ኪሎ በቆመበት ወር ወገብ ሲቀንስ ታዪዋለሽ።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርሽ፣ የሚያሳስበኝ መቆሙ ሳይሆን ለመቆሙ የሰጠሽው መልስ ነው። ምሳ መተውሽ አያዋጣም። ሰውነት ፕሮቲን ሲያጣ ስብን ብቻ አይደለም የሚበላው ጡንቻንም ይበላል፣ ጡንቻ ሲቀንስ ደግሞ የምታቃጥዪው ካሎሪ አብሮ ይቀንሳል፣ እና ነገ በዛሬዋ ትንሽ ምግብ እንኳን መቀነስ ያቅትሻል። ጁሱ ደግሞ ይባስ ብሎ ሌላ ችግር ነው፣ አዲሷ ጨጓራሽ ስትሰራ 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነበረች ይዘቷ፣ ጠጣር ምግብ እዛ ቆይቶ ነው ጥጋብ የሚሰጥሽ፣ ፈሳሽ ግን አይቆይም ቀጥ ብሎ ወደ አንጀት ይወርዳል፣ ስለዚህ ስኳሩን ሁሉ ትወስጂዋለሽ ጥጋብ ግን የለም። በዛ ላይ ጁስ ጠጥተሽ ከሩብ ሰዓት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልብሽ እየመታ፣ እያላበሽ፣ ሆድሽን እየቆረጠሽ ከሆነ እሱ ዳምፒንግ የሚባለው ነው፣ በስኳሩ ምክንያት የሚመጣ ነው።

የሚያስፈልግሽ ፕሮቲን ለአብዛኛው ሰው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው፣ የራስሽን ልክ የምግብ ባለሙያሽ ትነግርሻለች። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ፈረሰኛ 30 ግራም ገደማ። እንዲህ ስትቆጥሪው በማታ «ትንሽ ቅምሻ» 60 መድረስ እንደማይቻል ታዪዋለሽ፣ ሶስቴ መብላት ግድ ነው፣ ከአንዳንዱ ምግብ በኋላ ቆየት ብሎ እርጎ ወይ የፕሮቲን ዱቄት ይጨመራል። ሳህኑ ሲቀርብ መጀመሪያ ፕሮቲኑን ብዪ፣ ቀጥሎ አትክልቱን፣ ዳቦና ሩዝ የመሳሰለው ቦታ ከተረፈ ነው። ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ በደንብ አላምጪ፣ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ውሰጂበት፣ ደረትሽ ስር ጭንቅ ሲልሽ አንድ ጉርሻ እንኳን ቢቀር አቁሚ። ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ በልተሽ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ፣ ከዛ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ቢያንስ ሊትር ተኩል ውሃ አድርሺ። ቀምሰሽ የምትተዪያቸውን ነገሮችም ተከታተዪ፣ ሁለት ብስኩት፣ እፍኝ ለውዝ፣ ልጅ ያስተረፈው ቺፕስ፣ እነዚህ ሆድ ስለማይሞሉ አይቆጠሩም ግን ቀኑን ሙሉ ሲጠራቀሙ ከምሳ ይበልጣሉ። አንድ ሳምንት ብቻ የምትበዪውንና የምትጠጪውን ሁሉ ጽፈሽ ቀጠሮሽ ላይ ይዘሽ ሂጂ፣ ባለሙያዋ ከዛ ወረቀት ብዙ ነገር ታነባለች።

ጸጉርሽ በሰርጀሪው ድንጋጤና በቶሎ ክብደት መቀነስ የተነሳ ከሶስተኛው ወር ጀምሮ መርገፉ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወራት ቆይቶ ይመለሳል። ግን ፕሮቲን፣ አይረን ወይ ዚንክ ካነሰሽ ይብሳል ይረዝማልም። ቫይታሚን እየወሰድሽ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፣ ከባይፓስ በኋላ መልቲቫይታሚን፣ ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የዕድሜ ልክ ነገር ነው፣ ኪሎው ሲወርድ የሚቆም አይደለም። ካልሲየሙ ሲትሬት የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፣ ከአይረን ጋር ደግሞ አብረሽ አትዋጪው፣ ሁለት ሰዓት አራርቂያቸው።

ሐኪሙን የምትጠይቂውም ነገር አለ። ታይሮይድሽ ታይቷል? የእንቅርት ዕጢ ሥራው ዘገምተኛ ሲሆን ኪሎ ይይዛል። የምትወስጂው መድሃኒት ካለ ዝርዝሩን አሳዪው፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች፣ አንዳንድ የድብርትና የአእምሮ ህመም መድሃኒቶች፣ ኢንሱሊን፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድሃኒቶች ኪሎ እንዳይወርድ የመያዝ ጸባይ አላቸው። በራስሽ ግን አንዱንም እንዳታቆሚ። እንቅልፍሽንም ንገሪው፣ በደንብ የማይተኛ ሰው ረሃቡ ይጨምራል።

እንቅስቃሴ በተመለከተ መራመዱ ጥሩ ነው ግን አይበቃም፣ ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ በሳምንት ሁለት ሶስቴ ጡንቻ የሚያሰራ ነገር ጨምሪበት፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ላስቲክ መጎተት፣ ቤት የሚሰራ ነው።

ቤት ስለሚሉሽ ነገር፣ ልብ የሚሰብር ንግግር ነው፣ በማያውቁት ነገር መናገራቸው ያበሳጫል። ረጅም ክርክር ውስጥ አትግቢ። «ከክብደቴ 17 በመቶ ወርዷል፣ ሐኪሜ እየተከታተለኝ ነው፣ ስለ ኪሎዬ አታውሩብኝ» በዪና ወሬውን ቀይሪ። ደግመው ካነሱት ደግመሽ ያንኑ በያቸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ማስመለስ ቀናት ሙሉ ካላቆመልሽ፣ ወይም እግርና እጅሽ ከደነዘዘ፣ ዓይንሽ ከተምታታ፣ ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ቫይታሚን ቢ1 አልቆ ሊሆን ይችላል እሱ ደግሞ ቶሎ ካልታከመ ነርቭና አእምሮ ይጎዳል። ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ወይ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራም ካየሽ እንደዚሁ።

ጥያቄ፦ 57 ዓመቴ ነው፣ ስኳር ካለብኝ 15 ዓመት አልፎኛል፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ባይፓስ ከተሰራልኝ ስምንት ወር ሆኖኛል፣ ከ128 ኪሎ 108 ደርሻለሁ። ከኔ ጋር የተሰራላቸው ወጣቶች ጥለውኝ ሄዱ። ኢንሱሊኑ ግን በግማሽ ተቀንሶልኛል። ጉልበቴን ስለሚያመኝ አይቡፕሮፌን እየወሰድኩ ነው የምራመደው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ስለ አይቡፕሮፌኑ፣ እባክዎ ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ደውለው ሌላ ማስታገሻ ያስቀይሩ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ እና የመሳሰሉት ባይፓስ የተሰራለት ሰው ላይ ጨጓራውና አንጀቱ የተገጣጠሙበት ቦታ ላይ ቁስለት ያመጣሉ፣ ሊደማም ሊበሳም ይችላል። ፓራሲታሞል በአብዛኛው ይመረጣል፣ መጠኑን ግን እሳቸው ይንገሩዎት። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነም ቁስለቱን የሚያባብሰው አንዱ እሱ ነው።

ስለ ኪሎው፣ ዕድሜ ገፋ ያለ ሰውና ስኳር ያለበት ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ከሌላው ቀስ ብሎ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፣ ስንፍና አይደለም። ኢንሱሊን ራሱ ስብን የማስቀመጥ ሥራ ስላለው ነው። 20 ኪሎ ወርዶ የ15 ዓመት ስኳር ኢንሱሊኑ በግማሽ መቀነሱ እኔ ትልቅ ውጤት ነው የምለው፣ ኩላሊትዎም ዓይንዎም ልብዎም የሚጠቀሙት ከዚህ ነው። ደም ስኳርዎን እየለኩ ውጤቱን ይመዝግቡና ለሐኪምዎ ያሳዩ፣ ዝቅ እያለብዎት ከሆነ መጠኑ ገና ሊቀነስ ይችላል፣ ግን በራስዎ አይቀንሱ። ለጉልበትዎ ደግሞ ዋና ወይም ቁጭ ብሎ የሚነዳ የስፖርት ሳይክል ከእግር ጉዞው ይሻልዎታል።

ጥያቄ፦ እህቴ ባይፓስ ከተሰራላት አምስት ወር ሆናት፣ ቀስ ስላለባት እንደገና ይሰራላት ወይስ የሚወጋው የክብደት መቀነሻ መርፌ ይሻላታል እያልን ነው።

መልስ፦ በአምስት ወር ሁለተኛ ሰርጀሪ ማሰብ በጣም ገና ነው። ክብደት እስከ አስራ ስምንተኛው ወር አካባቢ ድረስ እየወረደ ሊሄድ ይችላል፣ ሁለተኛ ሰርጀሪ ደግሞ ከመጀመሪያው የበለጠ አደጋ አለው፣ እሱም ቢሆን በአብዛኛው የሚታሰበው በኢንዶስኮፒና በራጅ አንዳች የአሰራር ችግር ከታየ ነው። መርፌዎቹ፣ እነ ሴማግሉታይድ ማለቴ ነው፣ ከሰርጀሪ በኋላ ለተወሰኑ ሰዎች ይታዘዛሉ፣ ግን የምግብ ፍላጎትን በጣም ይቀንሳሉ፣ ማቅለሽለሽም አላቸው፣ ፕሮቲኗንና ውሃዋን ገና ለማድረስ የምትታገል ሴት ላይ ይሄ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል የሰርጀሪ ቡድኗ ሳያውቅ ከፋርማሲ ገዝታ እንዳትጀምር። አሁን የምትረዷት ቀጠሮዋን አብራችኋት በመሄድ፣ ቤት ውስጥ ፕሮቲን ያለው ምግብ በሰዓቱ እንዲኖር በማድረግ ነው፣ «ዛሬ ስንት ሆንሽ» ብላችሁም አትጠይቋት።