ሮቦቱ ከግድግዳ ወዲያ እንዲያይ፦ ጥያቄና መልስ

ሮቦትን ቤትና መሥሪያ ቤት ውስጥ ካሉ ሴንሰሮች (እንቅስቃሴን፣ ሙቀትን የመሳሰለውን ከሚለዩ መሣሪያዎች) ጋር ስለማገናኘት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሮቦቱ የራሱ ካሜራ አለው። በየግድግዳው ሌላ ሴንሰር መትከል ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ካሜራው ከግድግዳ ወዲያ አያይማ! ኮሪደር ላይ አንድ ሮቦት ወደ መታጠፊያው እየቀረበ ነው እንበል። ከወዲያ በኩል ሰው እየመጣ ነው። ሮቦቱ ብቻውን ከሆነ የሚያውቀው ፊት ለፊት ሲፋጠጡ ነው። ኮርኒሱ ላይ ሴንሰር ካለ ግን ቀድሞ ይነግረዋል፣ እሱም ከሩቁ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሁሉን ነገር ሮቦቱ ላይ መጫን ደግሞ ባትሪ ይበላል፣ ዋጋም ያንራል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ኪቫ የተባለ ኩባንያ የሠራው የመጋዘን ሮቦት የሚሄደው ወለል ላይ የተለጠፉ ኮዶችን በሆዱ በኩል ባለ ካሜራ እያነበበ ነው። የት እንዳለ የሚነግረው ወለሉ ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ አዲስ ነው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም። ፓርክ በሚባለው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ማርክ ዋይዘር ኮምፒውተር በየዕቃው ውስጥ ገብቶ ከዓይናችን እንደሚሰወር እ.ኤ.አ. በ1991 ጽፏል። ሮቦት የጨመረበት እጅና እግር ነው።

ጥያቄ፦ ስሌቱን ሁሉ ለክላውድ (በኢንተርኔት ለምናገኛቸው ሩቅ ኮምፒውተሮች) ብንሰጠው ሮቦቱ አይረክስም?

መልስ፦ ይረክሳል። ካርታ መሥራትና ንግግር መለየት እዚያ ቢሆን ግድ የለኝም። ፍሬኑን ግን በፍጹም! በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሄድ ሮቦት «ቁም» የሚለው ትእዛዝ 300 ሚሊሴኮንድ ቢዘገይበት 30 ሴንቲሜትር ሄዷል። የሰው እግር እዚያ መሃል ሊኖር ይችላል። ኔትወርኩ ምክር ይስጥ፣ መቆሙን ሮቦቱ ራሱ ይወስን። ግንኙነቱ ሲቋረጥም ወይ ይቁም፣ ወይ በራሱ ሴንሰር ብቻ ቀስ ብሎ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ሴንሰሩ «ሰው የለም» ካለ ማመን ይቻላል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ብዙዎች የሚሸወዱት እዚህ ጋ ነው። ርካሹ የእንቅስቃሴ ሴንሰር የሚያየው የሙቀት ለውጥን ነው። ሶፋ ላይ ፀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ለእሱ የለም። ባትሪው ያለቀ ሴንሰርም እንደዚሁ ዝም ይላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ውስጥ «ማንም የለም» እና «አላውቅም» ለየብቻ ይቀመጡ። መሣሪያዎች አጫጭር መልእክት የሚለዋወጡበት ኤምኪውቲቲ የተባለው ደንብ ለዚህ ጥሩ ዘዴ አለው። መሣሪያው ገና ሲገናኝ «ድንገት ከጠፋሁ ይህን መልእክት አስተላልፍልኝ» ብሎ መሃል ላይ ላለው ሰርቨር አደራ ይሰጣል። ሲጠፋ ሰርቨሩ ለሮቦቱ ያሳውቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመቆጣጠር የተሠራ ነውና መቆራረጥን ያውቃል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ በጂፒኤስ መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ አይሆንም። ምልክቱ ጣሪያና ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል።

ጥያቄ፦ ሌላ ሰው ሰብሮ ቢገባበትስ?

መልስ፦ ስጋቱ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ካሜራዎችንና ራውተሮችን በገፍ የያዘው ከፋብሪካ በወጡበት የይለፍ ቃል ነው። መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ቀጥሎ ሴንሰሮቹንና ሮቦቱን ከስልካችሁና ከላፕቶፓችሁ በተለየ ኔትወርክ ላይ አድርጉ።

ጥያቄ፦ እኔ ጀማሪ ነኝ። የትኛውን ሮቦት ልግዛ?

መልስ፦ ምንም አትግዛ፣ ገና ነህ። አንድ ኢኤስፒ32 ቦርድ (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር) እና አንድ የበር ሴንሰር ያዝ። በሩ ሲከፈት ኮምፒውተርህ ላይ መልእክት ይምጣ። ከዚያ ሆን ብለህ ዋይፋዩን አጥፋና ፕሮግራምህ ምን እንደሚል ተመልከት። «በሩ ዝግ ነው» ካለህ፣ ሮቦቱ ይቆይ።