«ምላስህ ደርቋል» ለተባለው የቡሬ መካኒክ

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ላላነበበው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ዕድሜው 29 ነው። በቴክኒክና ሙያ አውቶ መካኒክ እስከ ደረጃ 4 ተምሮ ቡሬ በዘመድ ጋራዥ ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባላቸው ሲኖትራክ ነው። አዲስ አበባ ያሉት አጎቱ «ቻይንኛ ተማርና አስተርጓሚ ሁን፤ ከዚህ ግራሶ ተገላገል» ይሉታል። አባቱ ለአንድ ዓመት ትምህርትና ቀለብ እንዲሆነው ባህር ዛፉን ገና ሳይደርስ ሊሸጡለት ነው። እሱ ግን ሁለት ወር በስልኩ እየሰማ፣ ቃሉን በአማርኛ ፊደል ደብተር ላይ እየጻፈ ሞክሮ ድምፁ አልለይ አለው። የሥራ ጓደኞቹም «ተወው፣ ምላስህ ደርቋል» እያሉ ይስቁበታል። የአክስቱ ልጅ ከጓንዡ ዕቃ ስለሚያመጣ ካንቶንኛ የሚባለው ሌላው የቻይና ቋንቋ ይሻል እንደሆነ፣ ስኮላርሺፕ ይገኝ እንደሆነ፣ የእንግሊዝኛው ድክመት ይጎዳው እንደሆነም ጠይቋል። ሚስቱ አዲስ አበባ መሄዱን አልወደደችውም። «ጋሼ፣ ረፍዶብኛል? ቁርጡን ይንገሩኝ» ብሎ ይጨርሳል።

ቁርጡን ልንገርህ። አልረፈደብህም።

ይህን የምልህ ለማጽናናት አይደለም። እኔ የመጀመሪያዋን የቻይንኛ ቃል ስሰማ 27 ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛ አስተማሪነቱን ትቼ እዚሁ ጎጃም የመንገድ ሥራ ካምፕ ታይም ኪፐር ሆኜ ስገባ ነው። ደግሞስ ጎጃም ተቀምጦ «ምላስ ይደርቃል» የሚል ሰው ምን ይባላል? ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ስንቱ ጢም ያበቀለ ሰው አኮፋዳውን አንግቶ መጥቶ ዛሬ ማንም በአፍ መፍቻነት የማይናገረውን ግዕዝ ተምሮ ቅኔ ሲዘርፍ ኖሯል። እናቱ እሹሩሩ ያለችው በግዕዝ አይደለም። ልጅ አንተን የሚበልጥህ በአንድ ነገር ነው፤ አነጋገሩ የባለቤቶቹን ይመስላል። ሕጉን ለመረዳትና ቃል ለማጠራቀም ግን፣ ያውም መጀመሪያው ላይ፣ ትልቅ ሰው ይፈጥናል።

የከበደህ ሌላ ነገር ነው። ጆሮህ ምን መስማት እንዳለበት ማንም አልነገረውም። እስቲ «ስኳር አለ» ብዬ ብጽፍልህ ምን ትረዳለህ? ስኳር መኖሩን ነው ወይስ ሰውየው «ስኳር» ብሎ መናገሩን? «ለ» ጠብቃ ስትነበብ አንድ፣ ላልታ ስትነበብ ሌላ ነው። ፊደላችን ይህን አይነግርህም፤ ጆሮህ ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ፍዳውን የሚያየው እዚህ ላይ ነው። አንተም ማንዳሪን ላይ፣ ማለትም እኛ ቻይንኛ በምንለው ዋናው ቋንቋቸው ላይ፣ የደረሰብህ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ቃል የሚለወጠው በመጥበቅና በመላላት ሳይሆን በድምፅ ከፍታና ዝቅታ መሆኑ ነው።

አራት ድምፅ አላቸው። አንደኛው ከፍ ብሎ ሳይነቃነቅ ይያዛል። ሁለተኛው በሩቅ ሲጠሩህ «እ?» እንደምትለው ወደ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው ሳትወድ በግድ «እሺ» ስትል እንደሚሆነው ዝቅ ብሎ ይጎብጣል። አራተኛው ልጅን «ተው!» እንደምንለው ከላይ ይወርዳል። ከእነዚህ ሌላ ዜማ የሌለው አጭር ድምፅ አለ፤ እሱ ራሱ ይመጣልሃል።

ካምፕ በገባሁ በአምስተኛው ወር የሆነውን ልንገርህ። አንድ ገበሬ ከማሳው ጥግ የከመረውን ድንጋይ ሊሸጥ መጣ። «ማይ» ከላይ ሲወርድ መሸጥ ነው፤ ጎብጦ ሲነገር መግዛት ነው። እኔ ለስቶር ኃላፊው ቻይና ድምፄን አጎበጥኩበትና ሰውዬው «ድንጋይ ሊገዛ መጣ» አልኩት። እሱም «አንሸጥም» አለኝ። እኔ ደግሞ «አንገዛም» ብዬ ሰማሁና ገበሬውን መለስኩት። ከሁለት ቀን በኋላ ያው ካምፕ ድንጋይ ከሩቅ በመኪና ሲያስጭን አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃልን ያለ ድምፁ ይዤ አላውቅም።

ስለዚህ ያንን በፊደል ብቻ የሞላኸውን ደብተር ዝጋው። «ማይ» ብለህ ስትጽፍ መግዛትና መሸጥ አንድ ይሆኑብሃል። የድጓ ተማሪ ዜማውን በግምት አይተወውም፤ ከቃሉ አናት ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት የሚባሉትን የዜማ ምልክቶች ያስቀምጥበታል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 ያጸደቀችው ፒንዪን የሚባለው የላቲን አጻጻፍም ያንኑ ያደርጋል፤ ከአናባቢው አናት ላይ ድምፁን የሚያሳይ ምልክት አለው። ፒንዪንን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ይበቃሃል። አንድ ወጥመድ ብቻ አለው፦ «ኪው» የምትባለዋን የላቲን ፊደል ስታይ «ቀ» እንዳትላት፤ ወደ «ቸ» የምትጠጋ ናት። «ኤክስ» ደግሞ ወደ «ሸ» ትጠጋለች። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ ማንዳሪን ውስጥ የሉም። እኛ አማሮች ቻይንኛ ስንናገር ወዲያው የምንታወቀው እነዚህን ያለ ቦታቸው እያስገባን ነው።

ከዚያ እንደ ቅኔ ተማሪ ሁን። ጀማሪው መጀመሪያ የሚቆጥረው (የሚያዘጋጀው) ሁለት ቤት ብቻ ያላትን አጭሯን ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን ነው፤ ቆጥሮም ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል። አንተም በቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር ያዝ። ቻይናው ሲናገር አሥር ጊዜ ስማ፣ የራስህን በስልክህ ቅዳ፣ ሁለቱን አከታትለህ አዳምጥ። የራስን ድምፅ መስማት ያሳፍራል፤ ግን እንደሱ የሚያርም መምህር የለም። ትምህርቱን ኔትወርክ ሲኖር ስልክህ ላይ አውርደህ አስቀምጥ። የአገሩን ሁኔታ ታውቀዋለህ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የምታጠናው አጥተህ እንዳትቀመጥ።

የምሥራችም አለ። ማንዳሪን «ሄድኩ፣ ሄድሽ፣ ሄዱ» የሚል የግስ እርባታ የለውም፤ ግሱ ለሁሉም አንድ ነው። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ለማለት እነሱም እንደኛ ገላጩን አስቀድመው ዋናውን ቃል መጨረሻ ያመጣሉ፤ «ደ» የምትባል ቃላቸው የእኛን «የ» ሥራ ትሠራለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነገሩን በጭንቅላቱ ሲገለብጥ አንተ ቀጥ ብለህ ታልፋለህ። ግሱን ግን እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ አታስቀምጠው፤ ከተገዛው ነገር በፊት ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ባህር ዛፉ።

አይሸጥ። አባትህ ደግ ሰው ናቸው፤ አጎትህም ክፉ አላሰቡም። ስሌቱ ግን አይገጥምም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሥራ ደረጃ ፈረንሳይኛ እንዲችል ለዓመታት ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ሲመድብ ኖሯል፤ ለአማርኛ 1,100፣ ለማንዳሪንም ለካንቶንኛም 2,200። ለእኛ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ክብደቱን ግን ያሳይሃል። አዲስ አበባ ሄደህ በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ብትማር፣ አንድም ቀን ሳትቀር፣ በዓመት 312 ሰዓት ነው። ቡሬ ሆነህ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ሰዓት ብትይዝ በዓመት 730፤ በሦስት ዓመት 2,190። ያልደረሰ ባህር ዛፍ በርካሽ ተሽጦ የሚገዛልህ የቡሬውን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ደመወዝህም በላዩ ይቀራል። ሰዓት ደግሞ ከአባት መሬት አይቆረጥም፤ ከራስህ እንቅልፍ ነው።

ስለ አስተርጓሚነቱም ከአጎትህ ጋር አልስማማም። ባሕር ዳር ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ የሠራው የቻይና ተቋራጭ ነው፤ ያንን ያየ ወጣት ሁሉ «ቻይና ቤት ልግባ» ይላል። ድልድይ ግን ያልቃል። አስተርጓሚ የፕሮጀክት ሰው ነው። የእኛ ካምፕ ሲነቀል በመጀመሪያው ቀን የተሰናበትነው አስተርጓሚዎቹ ነን። ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ ኦፕሬተሩና መካኒኩ ከነማሽናቸው ወደሚቀጥለው ሥራ ሲጫኑ አየሁ። ከመካኒኮቹ አንዱ የሚያውቀው ቻይንኛ ሃምሳ ቃል አይሞላም ነበር፤ እኔ ያን ጊዜ ስብሰባ አስተረጉማለሁ። ወደዚህ ምክር የመስጠት ሥራ የገባሁትም ከዚያ በኋላ ሥራ ፈትቼ ስዞር ነው።

አንተ መካኒክ ነህ። ይህን በእጅህ ይዘህ «ልገላገለው» ማለትህ ነው ብዕር ያስነሳኝ። ነገ ጠዋት አንድ ሲኖትራክ ሲገባ ጋቢናው ውስጥ ያሉትን ጽሑፎች አንብባቸው እንጂ አትለፋቸው። በግራ በኩል ሦስት ጠብታ ውኃ የሚመስል ምልክት ያለው፣ «ዮ» የሚባል ፊደል ታገኛለህ፤ ዘይት ማለት ነው። «ጂዮ» የሞተር ዘይት፣ «ቻይዮ» ናፍታ፣ «ቺዮ» ቤንዚን። «ሻቸ» ፍሬን ነው፤ «ሻቸዮ» ደግሞ ምን እንደሆነ አንተ ንገረኝ። እነዚያ ሦስት ጠብታዎች ውኃ ወይም ፈሳሽ ነክ በሆኑ ብዙ ፊደላት ላይ አሉ፤ የውኃ ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ ላይም ታያቸዋለህ።

ቀጥለህ «ዲየን»ን ያዝ። አራት መስኮት ያለው ሳጥን ነው፤ በመካከሉ የሚወርደው መስመር ከሥር ወደ ቀኝ ታጥፎ ጅራት ያወጣል። ኤሌክትሪክ ማለት ነው። «ዲየንቸ» ባትሪ፣ «ዲየንጂ» ሞተር፣ «ዲየንያ» ቮልቴጅ፣ «ቾንግዲየን» ቻርጅ ማድረግ። ይህን ለምን እንደምነግርህ ገብቶህ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አገሩን እየሞላ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡት ደግሞ ብዙዎቹ ስክሪናቸው ቻይንኛ ብቻ ነው። ባለቤቱ ቀይ ጽሑፍ ሲበራበት ስልኩን ደቅኖ ለማስተርጎም ይሞክራል፤ የሚወጣለትም ግራ የገባው አማርኛ ነው። ያንን ጽሑፍ አንብቦ ኮፈኑን የሚከፍት ሰው በየከተማው ስንት አለ? ቡሬ ላይ ይህ መኪና ገና ብርቅ ነው። አንተም ገና ጀማሪ ነህ፤ አብራችሁ ትደርሳላችሁ።

ግብህንም ትንሽ አድርገው። ኤችኤስኬ የሚባለው የቻይንኛ ፈተና ለዓመታት በቆየበት የስድስት ደረጃ አሠራር ሦስተኛው 600፣ አራተኛው 1,200 ቃል ይጠይቃል። 600ውን ከጋራዥ ቃሎችህ ጋር ያዝ፤ ለአሁኑ ይበቃሃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት አለ። አጎትህ ሊረዱህ ከፈለጉ እዚያ ሄደው ፈተናው መቼና በስንት እንደሚሰጥ ይጠይቁልህ፤ ከዚህ የበለጠ ውለታ የለም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልመልስ። ካንቶንኛ ተወው፤ የጓንዡና የሆንግ ኮንግ ቋንቋ ነው፣ ድምፁም ስድስት ነው፤ የአክስትህ ልጅ ዕቃ የሚያመጣበት ጓንዡም ቢሆን ነጋዴው ማንዳሪን ይሰማል። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሰው ነው የሚፈልገው፤ ያ በር በእውነት አልፎሃል፣ አትልፋበት። እንግሊዝኛህ ደካማ መሆኑ ለማንዳሪን ምንም አይጎዳህም። ሚስትህ ትክክል ናት። ቃሉን ማታ ማታ እሷ ታስጠናህ፤ ደብተሩን ይዛ ብትጠይቅህ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ።

መልስ ስትጽፍልኝ ሁለቱን «ማይ» በድምፅ ቀድተህ ላክልኝ። የትኛው መግዛት፣ የትኛው መሸጥ እንደሆነ አትጻፍልኝ።