ሲ-40 ከማስሞላትህ በፊት ከቨሩን አስተካክል

የጠየቅከው ጂ+2 ቤትህን በሲ-25 ፈንታ በሲ-40 (ከፍ ባለ የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ፣ ማለትም ግሬድ) ብታስሞላው ዕድሜው ይረዝም እንደሆነ ነው። የጎረቤትህ በረንዳ በ12 ዓመቱ ከሥሩ እየተላጠ ፌሮው መታየቱ አሳስቦሃል። እኔ ብሆን ገንዘቡን ግሬድ ላይ ከማፍሰሴ በፊት ከፌሮው ውጭ ያለችውን፣ ከቨር የምትባለውን 3 እና 4 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት እጠብቃለሁ።

አዲስ ኮንክሪት ፒኤቹ (የአልካሊነት መጠኑ) ከ12 በላይ ስለሆነ ፌሮው አይዝግም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውጭ እየገባ ይህን ያወርደዋል፤ ፌሮው ጋ ሲደርስ ውሃና ኦክስጅን ካገኘ ዝገት ይጀምራል፣ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ገፍቶ ይጥለዋል። ጋዙ የሚደርስበት ጥልቀት የሚያድገው ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ነው። በአንድ ዓይነት ኮንክሪት 15 ሚሊ ሜትር ለማለፍ 12 ዓመት ከፈጀበት፣ 30 ሚሊ ሜትር ለማለፍ ወደ 48 ዓመት ይፈጅበታል። ከቨሩ በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በበጋ ሲደርቅ ጋዙ ይገባል፣ በክረምት እርጥበቱ ዝገቱን ያፋጥናል፤ የሳሎኑ ቢም ደህና ሆኖ በረንዳው ቀድሞ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለበረንዳና ዝናብ ለሚመታው ኮለን 40 ሚሊ ሜትር፣ ለውስጥ ደረቅ ክፍል 25፣ ሊን ኮንክሪት (ከሥር የሚነጠፍ ስስ ኮንክሪት) ላይ ለሚያርፍ መሠረት 50 አስይዝ። የሚለካው ዋናውን ፌሮ ከሚያቅፈው ቀጭን ፌሮ፣ ከስታፋው ውጫዊ ጫፍ ነው እንጂ ከዋናው ፌሮ አይደለም፤ ብዙ ፌራዮ (ፌሮ አሳሪ) እዚህ ላይ ይሳሳታል። ስላብ ላይ በየ80 ሳንቲ ሜትሩ የሲሚንቶ ስፔሰር (ፌሮውን ከፎርምወርኩ የሚያርቅ ቁራጭ) ይግባ። ቁራጭ ፌሮ ከሥር ማስገባት ለዝገቱ በር መክፈት ነው። የበረንዳው ዋና ፌሮ ከላይ ስለሆነ ሠራተኛ ረግጦት እንዳይወርድ ከሥሩ መደገፊያ ይቁምለት። ከቨር ሲጨምር ግን ከተቃራኒው የኮንክሪት ፊት እስከ ፌሮው ያለው ለጥንካሬ የሚሰላው ጥልቀት ይቀንሳል፤ ዲዛይነሩ መልሶ ያስላው፣ ሳይት ላይ በግምት እንዳይወሰን።

ግሬዱን በተመለከተ፣ በድሮው የኢትዮጵያ የኮንክሪት ዲዛይን ኮድ (ኢቢሲኤስ-2) ሲ-25 ማለት በአዲሱ አጻጻፍ ሲ 20/25 ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር በሲሊንደር፣ ሁለተኛው በኩብ የተለካ ጥንካሬ ነው። ለውጭ አካላት ሲ 30/37 ጠይቅ፤ ለዚህ ቤት ሲ-40 አያስፈልግም።

ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ በ0.5 የውሃና ሲሚንቶ ምጣኔ 25 ሊትር ውሃ ይበቃዋል፤ እርጥብ አሸዋ ብቻውን እስከ 5 ሊትር ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ያ ይቀነሳል። «ትንሽ ይቅጠን» ተብሎ 5 ሊትር ሲጨመር 0.6 ገባህ ማለት ነው። በጀሪካን ይለካ፣ በጎማ አይልቀቁበት። ድርቀቱ ካስቸገረ ፕላስቲሳይዘር (ውሃ ሳይጨመር ኮንክሪቱን የሚያለሰልስ ኬሚካል) ግዛ።

ውሃ ማጠጣቱ ቢያንስ 7 ቀን፣ ፒፒሲ (ፖዞላና ያለው ሲሚንቶ) ከሆነ እስከ 14 ቀን ይቀጥል። ጠዋትና ማታ ረጭቶ መሄድ አይበቃም፤ ጆንያ አልብሰህ እርጥብ አድርገህ አቆየው። ቀድሞ የሚደርቀው ውጫዊው ሽፋን፣ ማለትም ፌሮውን የሚጠብቀው ክፍል ነው። ልስኑ ይሸፍነዋል ብለህ እንዳትተማመን።

በረንዳው ላይ ደግሞ 1.5 በመቶ ተዳፋት ወደ ውጭ ይሰጠው፣ ከሥሩ ጫፍ አካባቢ የውሃ ማንጠባጠቢያ ጎድጓዳ መስመር ይውጣለት፤ አለበለዚያ ዝናቡ የበረንዳውን የሥር ገጽ ተከትሎ ወደ ውስጥ ይሄዳል።